ሽጉጤን ዝም ያሰኘሁበት በጋ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። በሜልቦርን ከተማ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ የማያውቅ፣ በአየር ሽጉጥ ከእኔ የተሻለ የሚተኩስ ሐበሻ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን አልመጣም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሽጉጥ የያዝኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝም የለም። መኪና መንዳትም፣ እንግሊዝኛም፣ የስፌት መኪና ፈትቶ መግጠምም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እንደገና እየሠራሁ።

ስለዚህ ባለፈው በጋ ልጄ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «አባዬ፣ ጎረቤታችን በቀን መተኛት አቅቷታል። ከጋራዡ ድምፅ ይመጣል አለችኝ» ስትለኝ አልደነገጥኩም። ድምፅ ማለት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ሊሠራ የሚችል ነገር ደግሞ እኔን አሸንፎኝ አያውቅም።

የምንኖረው ክሬጊበርን ነው። ቤቱ የልጄ ነው፤ ከጎኑ ካለው ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፣ ከታች ጋራዥ ያለው ታውንሃውስ። እኔ ፊትዝሮይ ካለው የመንግሥት ፎቅ ወጥቼ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እሷ መኪናዋን ውጭ ስለምታቆም ጋራዡ የእኔ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤታችን ያገራችን ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ ከተማ መሃል ናይት ሺፍት ትሠራለች። ጠዋት እኔ ቁርሴን ስበላ መኪናዋ ትገባለች፤ ከዚያ መጋረጃዋን ዘግታ ትተኛለች። መኝታ ቤቷ ደግሞ የጋራዤን ግድግዳ ተደግፎ የተሠራ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የአየር ሽጉጥ ባሩድ የለውም፤ ትንሿን የእርሳስ ጥይት የሚገፋት የታመቀ አየር ነው። ቢሆንም በዚህ አገር ሕግ ሽጉጥ ሽጉጥ ነው። ፈቃድ አውጥቼ፣ አሻራ ሰጥቼ፣ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ካዝና አስገብቼ ነው የገዛኋት። በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ እርሳስ መተኮስ አይፈቀድም፤ እኔም አልተኩስም። እርሳስ የምተኩሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ ሄጄ ነው። ቤት ውስጥ የማደርገው ባዶ ልምምድ ነው። እርሳሶቹን ቆልፌ፣ ሽጉጧ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ በአጥሩ በኩል ባለው የጡብ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ጥቁር ክብ አነጣጥራለሁ፤ ምላጩን እስባለሁ፤ ቀጭ ትላለች። ያ ነው። በጎረቤታችን በኩል ወዳለው ግድግዳ አዙሬያት አላውቅም። ባዶም ብትሆን ሰው ወደተኛበት አትዞርም።

ይህን ቀጭታ በቀን ስልሳ ጊዜ እሠራለሁ። የሰባ ሦስት ዓመት እጅ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይረሳል። በየቀኑ ካላስታወሱት ሰኞ ይንቀጠቀጣል፣ ረቡዕ ይልፈሰፈሳል፣ ቅዳሜ ክለብ ሲደርስ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይገኛል።

«እና?» አልኳት ልጄን።

«እናማ ሌላ ኮምፕሌን፣ ሌላ ስሞታ ከመጣ ካዝናው ከዚህ ቤት ይወጣል። ሲሪየስሊ፣ አባዬ።»

«ወጥቶ የት ይሄዳል?»

«አይ ዶንት ኖው። ሽጠው።»

ክለቡ የሰው ሽጉጥ አያስቀምጥም። ሌላ ቤት የለኝም። ቤቱ የእሷ ስለሆነ እሷ አይሆንም ካለች ካዝና የለም፤ ካዝና ከሌለ ሽጉጥ የለም። ይህን እሷም አውቃ ነው የተናገረችው። ፋርማሲስት ናት፤ የምትሰጠውን መጠን ለክታ ነው የምትሰጠው።

ያን ቀን ተናድጄ እንደነበር አልደብቅም። ጣራችን ላይ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ያልፋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ በሞተር ቅጠል ይነፋል፤ የነፋውን ቅጠል ነፋስ ይመልስለታል፤ እንደገና ይነፋል። ጥጉ ላይ ያለው ውሻ ፖስተኛ በመጣ ቁጥር አገር ይያዝልኝ ይላል። አውሮፕላንህን ሽጥ የተባለ ሰው አልሰማሁም። የእኔ ቀጭታ፣ ጥርስ በጥርስ ቢነካ የሚያህለው፣ እሱ ይሸጥ ተባለ። «አልሸጥም» አልኩ ለራሴ። «ዝም አሰኛታለሁ እንጂ አልሸጣትም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ፍራሽ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ስለ ድምፅ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ስፕሪንግ ለምን እንደሚጮኽ፣ ስፖንጅ ምን ያህሉን እንደሚውጥ፣ በጨርቅና በእንጨት መካከል አንድ ጣት አየር ሲገባ ምን እንደሚለወጥ፣ ኢንጂነሮቹ ከመጽሐፍ ያወቁትን እኔ በመዳፌ አውቄዋለሁ። ካወቅሁት ሁሉ ትልቁ ደግሞ ይህ ነው፦ ሰውን የሚያስቀይመው በአየር የሚሄደው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በእንጨትና በብረት ውስጥ ሾልኮ የሚሄደው ይብሳል።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አንድ ነገር ሳልነካ ለረጅም ጊዜ አየሁ። ሽጉጧን የማሳርፍበት ጠረጴዛ ከጎረቤታችን ጋር የምንጋራው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ነበር። ይኸው አንዱ ሌባ። አንድ ክንድ ያህል ሳብኩት፤ ለእግሮቹ አራት ቦታ የቆረጥኩትን ስፖንጅ አጠለቅሁላቸው። ከላዩ ላይ እኅቴ የላከችልኝን ጋቢ አራት አጥፌ ዘረጋሁበት።

ልጄ ስታየው «አባዬ፣ ያን ጋቢ!» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ኢትስ ብዩቲፉል እኮ! ሽጉጥ ታስቀምጥበታለህ?»

«አንቺ ነሽ ድምፅ አይሰማ ያልሽው። ጋቢ ደግሞ ድምፅ አያሰማም።»

ቀጥሎ ወለሉ ነበር። መጀመሪያ ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍኩ። ድምፁ ጠፋ፤ ግን ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ፣ ገላዬ ተወዛወዘ፣ የሽጉጧ አፍ እንደ ሰካራም ዞረ። ስፖንጁን አንስቼ ከዕቃ መሸጫው፣ ስፖርት ቤት ውስጥ የሚነጠፈውን ጥቁር ጎማ ገዛሁ። ጫማዬን አውልቄ በሱፍ ካልሲ ቆምኩበት። ጎማው እግር ይይዛል፣ ድምፅ ግን አያሳልፍም። ይህን ምሥጢር በኋላ ለክለቡ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ የራሳቸው ሐሳብ አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ።

ከዚያ ጥቅልል የቆርቆሮ በሩ። እሱ ራሱ አይጮኽም፤ ግን ሌላው ሲጮኽ አብሮ ይጮኻል። በሁለቱም ጎኑ የጎማ ቁራጭ አስገባሁለት፤ ዝም አለ።

የቀረችው ሽጉጧ ራሷ ነበረች። ከእያንዳንዱ ቀጭታ በፊት ከጎኗ ያለውን ክንድ ከፈት አድርጎ መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል። ሲዘጋ ነው ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ የሚያወጣው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይለጥፍባታል፤ ያበላሻታል። እኔ እጄን ነው የለወጥኩት። ክንዱን በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ አቅፌ፣ ሊገጥም ሲል ትንፋሼን ይዤ፣ የተኛ ልጅ እንዳለበት ክፍል በር ቀስ አድርጌ መዝጋት ለመድኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ክንድ ሲዘጋ መስማት የሚፈልግ ሰው አሁን ጆሮውን ሽጉጧ ላይ መለጠፍ አለበት።

ሥራ ሠራሁ ብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለሁም፤ አረጋግጣለሁ። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አወረድኩ፤ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ከዚያ ልኬቱን እንዳላበላሽ አፌን ገጥሜ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ አሥር ጊዜ ተኮስኩ። መርፌው አልተነቃነቀም። ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ ሲነሣ ግን ተነቃነቀ። ለልጄ አሳየኋት፤ «ጉድ!» አለች። ከእሷ አፍ ጉድ ማውጣት ቀላል አይደለም።

በዚህ መካከል ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጎረቤታችንን የቆሻሻ ገንዳ ስናወጣ አገኘኋት። ዓይኗ ደም መስሏል፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«አሁንስ እንዴት ነው ልጄ? ድምፁ ቆመልሽ አይደል?»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ። እርስዎ አይጨነቁ። ይሻላል።»

«ይሻላል ብቻ? ጨርሶ ጠፍቷል እንጂ! ገብቼ ልይ ብትዪኝ አሳይሻለሁ፣ ምን ምን እንዳደረግሁ።»

«አምናለሁ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ገንዳዋን አቁማ አንገቷን እንደደፋች ገባች። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በራችንን አንኳኩ። አንደኛው የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ እዚህ አገር የገባነው በአንድ ሰሞን ስለሆነ አንተ እንባባላለን። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ነው፤ በሁለቱም ጆሮው መስሚያ ያደርጋል። ልጄ ሻይ አቀረበች። እነሱም እንደ ወጉ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ደብሩ ጣራ፣ ስለ ጤና ሲያወሩ ቆዩና ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ የመጣነው ለእርቅ ነው» አለ።

«ከማን ጋር?»

«እሱን አንተ ንገረን እንጂ።»

ገባኝ አልኩ። ነርሷ ናት የላከቻቸው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ለካውንስል፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ስልክ ይደውል ነበር፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ መላክ ኮምፕሌን ነው? ልጄን አየኋት። ፊቷ «አዎ፣ ነው» አለኝ።

«ስሙኝ» አልኩና ተነሣሁ። «እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ድምፅ አለ ከተባለ፣ ድምፅ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሠርቼ አጥፍቼዋለሁ። ማስረጃ ካላችሁ አሰሙኝ፤ ከሌላችሁ ሻያችሁን ጠጡና ሂዱ።»

«ቆይ እንጂ፣ ተረጋጋ» አለ ሊቀመንበሩ። «የምን ድምፅ ነው የምታወራው?»

«የሽጉጤ ድምፅ ነዋ! ወዲያ ሄዳችሁ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፤ እኔ እዚህ እተኩሳለሁ። አንድ ቀጭታ ከሰማችሁ ዛሬውኑ እሸጣታለሁ። ካልሰማችሁ ግን ማንም ሰው ሁለተኛ ስለ እሷ አያነሣብኝም። አንቺም ጭምር» አልኳት ልጄን።

ሁለቱ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ባለ ትራሙ ግን «ይሁን፣ እንሂድ። መቼስ መጥተናል» አለና አስነሣው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ግን እንደ ወትሮህ ነው የምትተኩሰው። ለእኛ ብለህ የምታሳምረው ነገር እንዳይኖር።»

«እኔ አላሳምርም። ያማርኩ ነኝ» አልኩት።

ነርሷ በሩን ስትከፍት ሽማግሌዎቹን አይታ ልትጠፋ ደረሰች። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደዚህ እንዲሆን…»

«ዝም በይ ልጄ፣ ዛሬ ይለይለታል። መኝታ ቤትሽን ክፈቺላቸው።»

ሁለት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ሮዝ አልጋ ልብስ ላይ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ባለ ትራሙ ሁለቱንም መስሚያዎች እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጋቸው። እኔ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ።

ልጄ ተከትላኝ ገብታ ከቆርቆሮ በሩ አጠገብ ቆመች። ስለማመድ አይታኝ አታውቅም፤ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። ካዝናውን ከፈትኩ፤ ሽጉጧን መረመርኩ፤ ባዶ ናት፤ ለእሷም አሳየኋት። ካልሲዬን አስተካክዬ ጎማው ላይ ቆምኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ክለብ ውስጥ ቢሆኑ ሰው የሚያጨበጭብላቸው ነበሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራተኛው ላይ የፊቷ ማነጣጠሪያ ምላጩ ሊለቀቅ ሲል ወደ ታች ጠለቀ። አምስተኛውም እንዲሁ። ስድስተኛው ላይ ጨርሶ ከክቡ ወጣ። ሰው እየሰማኝ መሆኑን ረሳሁ። አሥሩን ጨርሼ ሽጉጧን ጋቢው ላይ ሳሳርፍና ዞር ስል ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ምነው? አልሰሙም እኮ! አንድም አልሰሙም!» አልኳት።

እጇን ከአፏ ሳታወርድ የጓሮውን በር ልትከፍት ሄደች።

ሽማግሌዎቹና ነርሷ በጓሮ በር ገቡ። ባለ ትራሙ ቀድሞ ተናገረ። «የሽጉጡን አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር አንድም አልሰማሁም።»

«ይኸው!» እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ። «በሁለት መስሚያ! እስከ መጨረሻ ከፍቶት!»

«ሰውዬው ግን ማነው?» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ደነዝ የምትለው።»

ጋቢውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ከደነዙ በኋላ ልፍስፍስ አልክ» አለ ሊቀመንበሩ፤ በጣቱ እየቆጠረ ነው። «ከዚያ ገልቱ። ከዚያ ‹አንተ ሽማግሌ አህያ፣ እንኳን ክቡን ግድግዳውን አትመታም› አልክ። ቀጥሎ ያለውን ነጠላ ለብሼ አልደግመውም። ምን ያህል ብትጣሉ ነው? እኛ እኮ የመጣነው ለዚህ ነው። ልጅቷ በየቀኑ ሰው ይሰድባል ብላን፣ አገር ቤት ካለው ወንድምህ ጋር በስልክ የምትጣላ መስሎን ነው።»

ነርሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «እኔ መጀመሪያ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ» አለች በቀስታ። «በሥራዬ አይቻለሁ፤ የማይናገር በሽተኛ ላይ ቤተሰቡ እንደዚያ ሲጮኽበት። ሰውዬው መልስ አይሰጥም፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚሰሙት። ለሁለት ወር ‹ዛሬስ መታው ይሆን?› እያልኩ ነው የምተኛው።»

«ታዲያ ምነው ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? ለአባቴ እኩያ ስድብዎ አላስተኛኝ አለ ልበል? ድምፅ አለ ማለቱ ቀለለኝ።»

ይሉኝታዋ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጋቢ አሳጠፈኝ፣ ጎማ አስገዛኝ፣ ቆርቆሮ አስደፈነኝ። ስልኩ ለምን እንዳልነገረኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ድምፁን ስለካ አፌን ገጥሜ ነበር። ቢሆንም ጥፋተኛ ነኝ አላልኩም፤ ዛሬም አልልም።

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኩ። «ራሴን ነው። እና ምን ይጠበስ? አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። አስተማሪ የሌለው ሰው ራሱ ነው አስተማሪ፣ ራሱ ነው ተማሪ። አስተማሪ ደግሞ ይቆጣል። እናንተን የቄስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሯችሁ እያባበሉ ነበር? እኔ በዚህ ምላስ ነው እንግሊዝኛ የተማርኩት፣ በዚህ ምላስ ነው መንዳት የተማርኩት። ራሴን ባልሰድብ ኖሮ ዛሬም ሱዳን የስደተኛ ድንኳን ሥር ነበርኩ። በራሴ ላይ የማወርደውን ቃል የሚቆጣጠር ካውንስልም ሽማግሌም የለም!»

ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ታገሠኝና ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። «እሺ። እኛ ለእርቅ መጥተናል፤ ባዶ እጃችንን አንመለስም። ከራስህ ጋር ታረቅ።»

«ምን?»

«ተነሥና ይቅር ብለህ ሳመው።»

«ማንን ልስመው?»

«መስታወት አምጡለት!» አለ ባለ ትራሙ፤ መስሚያው ፉጨት እስኪያሰማ ሳቀ። ነርሷም ሳቀች፤ ሊቀመንበሩም ትከሻው ተነቃነቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ሰው ሲስቅብኝ መጀመሪያ የምስቀው እኔ አይደለሁም።

«አልታረቅም» አልኩ። «እሱን ሰውዬ አላውቀውም መሰላችሁ? ዛሬ ይቅር ብለው ነገ አራተኛውን ወደ ታች ይለቀዋል።»

ልጄ ብቻ አልሳቀችም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ አጠበች፣ አደረቀች። እኔ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። የሽጉጤ ዕድል ያለው በዚያች ፎጣ በያዘች እጅ ላይ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ውርርዱን አሸንፌያለሁ» አልኳት። «ሽጉጧ አልተሰማችም።»

«አልተሰማችም።»

«ስለዚህ ካዝናው አይነካም።»

ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ አባዬ» አለች። «ፊትዝሮይ፣ ፎቁ ላይ። ሒሳብ ስታስተምረኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም። ከፋብሪካ እየገባሁ፣ እኔ ራሴ ትናንት ማታ ከመጽሐፏ ያነበብኩትን ዛሬ ለእሷ የማስተምርበት ዘመን ነበር። አንድ ገጽ ነበር የምቀድማት። ያ አንድ ገጽ እንዳይጠፋብኝ ስለምፈራ እጮኽ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም።

«ፋርማሲስት ሆነሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ሆኛለሁ። ቀመር ስሠራ አሁንም ያ ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ነው ቼክ የማደርገው።»

«ሦስት ጊዜ ማየት መልካም ነው። ሰው አትገድይም።»

«አባዬ!»

«እሺ፣ ተናገሪ።»

«ክለብ ውስጥስ እንዴት ዝም ትላለህ? እዚያ መናገር አይፈቀድም ብለኸኛል።»

«እዚያማ ተወዳዳሪ ነኝ። እዚህ ተማሪ ነኝ።»

ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አየችኝ። እናቷ እንዲህ ታየኝ ነበር፤ ልትመታኝ ወይም ልታቅፈኝ እንደሆነ ሳይለይ።

«ካዝናው ይቆይ» አለች በመጨረሻ። «ሽጉጡም ይቆይ። ግን በእኔ ቤት ውስጥ ሰው አይሰደብም። ኖባዲ። አንተም ብትሆን።»

«ራሴን እኮ ነው! በገዛ ራሴ ላይ መብት የለኝም?»

«በራስህ ቤት ውስጥ አለህ።»

ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቀበሌ እስከ ፋብሪካ አለቃ ድረስ መልስ ያጣሁለት ሰው አልነበረም። «የማን ልጅ ናት?» አልኩ በልቤ። አንድ ገጽ ቀድማኛለች።

ግን ይታወቅልኝ፤ አልተስማማሁም። የተስማማሁት ለካዝናው ነው። ስድብ ስህተት ነው ብዬ አልፈረምኩም፤ ሊቀመንበሩም በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ታረቃችሁ?» እያለ ሲጠይቀኝ «ገና ነን» ነው የምለው። ነርሷ አሁን ትተኛለች፤ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ገንዳ ስናወጣ ስታገኘኝ አንገቷን አትደፋም፤ «ሰውዬው እንዴት ነው፣ ጋሼ?» ትለኛለች። «እንደ ድሮው ነው፣ ደነዝ!» ስላት ገንዳዋን ይዛ ትስቃለች። ውጭ ስለሆነ የልጄን ሕግ አልጣስኩም።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ማግስት፣ ሰኞ፣ ብቻዬን ጋራዥ ገብቼ ነበር። ልጄ ሥራ ሄዳለች። የነርሷ መኪና ከበሯ ፊት የለም፤ ለዚያ ቀን ብቻ የቀን ሺፍት ገብታ ነበር። አፌን የሚይዝልኝ ነገር ፈልጌ መፋቂያ በጥርሴ ነክሼ ጎማው ላይ ቆምኩ። ሦስቱ ጥሩ ነበሩ። አራተኛው ወደ ታች ጠለቀ፤ እንደማውቀው፣ እንደተናገርኩት። ቃሉ እስከ ጥርሴ መጣ። መፋቂያው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። በሁለቱም ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ፍጡር አልነበረም፤ ቃሉን ባወጣው ማንም አያውቅብኝም።

ዋጥኩት። ለልጄ ብዬ ነው እንጂ ስድቡ ስለማይገባኝ አይደለም። ከዚያ ክንዱን ቀስ አድርጌ ዘጋሁና አምስተኛውን ለመተኮስ እጄን አነሣሁ።